ሥራዬ ሜክሲኮ ነው፤ ጀሞ ልግባ፣ አያት ወይስ ኮዬ ፈጬ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሀዋሳ ነው። በአንድ የግል ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት በሂሳብ ባለሙያነት ተቀጥሬ ከሐምሌ 1 ጀምሮ አዲስ አበባ ሥራ እጀምራለሁ። መሥሪያ ቤቱ ሜክሲኮ፣ ሰንጋ ተራ አካባቢ ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትልቋ በመስከረም ሁለተኛ ክፍል ትገባለች፤ ትንሹ ገና ዓመት ከመንፈቁ ነው። ባለቤቴ አስተማሪ ስለሆነ ዝውውሩ እስኪያልቅ እዚሁ ይቆያል። ደላላ ሦስት ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም አሳይቶኛል። ጀሞ 1 ሦስተኛ ፎቅ በ22,000 ብር፣ አያት አራተኛ ፎቅ በ17,000፣ ኮዬ ፈጬ አንደኛ ፎቅ በ11,000። ተቆራርጦ እጄ የሚገባው 46,000 ብር ነው። የኮዬ ፈጬው ሰፊና አዲስ ስለሆነ ልቤ እዚያ ነው። ደላላው «ዛሬ ካልያዝሽው ያመልጥሻል» እያለኝ ነው። ምን ትመክረኛለህ?

ምላሽ፦ እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። መጀመሪያ ነገር፣ ዛሬ ካልያዝሽው አያመልጥሽም። ቢያመልጥሽም ሌላ ብሎክ ላይ መንትያው አለ። ኮንዶሚኒየም ሲባል ሺህ አንድ ዓይነት ቤት ማለት ነው።

ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሠራተኞች ቤት ሳፈላልግ 11 ዓመት ሆኖኛል። በዚህ ሁሉ ጊዜ «ሳሎኑ ጠበበኝ» ብሎ በሦስት ወሩ ቤት የቀየረ ሰው አላስታውስም። «መንገዱ ጨረሰኝ» ብሎ የቀየረ ግን ቁጥር የለውም። አንቺም ሦስቱን ቤቶች የቆጠርሻቸው በብርና በስፋት ነው። እስቲ በሰዓት እንቁጠራቸው።

በእኔ ልምድ ከኮዬ ፈጬ ሜክሲኮ ለመግባት ጠዋት ሁለት ሰዓት መያዝ አለብሽ። የታክሲ ሰልፉ፣ የቃሊቲ መንገድ፣ ከዚያ የሁለተኛው ታክሲ ሰልፍ። ቀን የቀናሽ ጊዜ ባነሰ ትደርሻለሽ፣ ዝናብ የጣለ ቀን ይብሳል። ከጀሞ አንድ ሰዓት ያዢ። ደርሶ መልስ ሲሆን አራት ሰዓት በሁለት ሰዓት መሆኑ ነው። በወር 24 ቀን ብትመላለሺ ልዩነቱ 48 ሰዓት ይመጣል። ይኸውም ስድስት ሙሉ የሥራ ቀን ነው፣ በየወሩ።

የሂሳብ ሰው ነሽና እዚህ ላይ አብረን እናስላ። ኮዬ ፈጬ ከጀሞ በ11,000 ብር ይረክሳል። ለ48 ሰዓት ስታካፍዪው አንዱን ሰዓት 230 ብር ገደማ ሸጥሽው ማለት ነው። ባንኩ ደግሞ በቀን ስምንት ሰዓት ብለን በግርድፉ ብንወስደው ለአንድ ሰዓትሽ 240 ብር ያህል ይከፍልሻል። ስለዚህ ተረፈኝ ያልሽው ገንዘብ በትርፍ ሰዓት ሥራ የሚገኝ ነው፣ ለዚያውም ታክሲ ውስጥ ቆመሽ የምትሠሪው። የሁለተኛውን ታክሲ ሂሳብና ሲመሽብሽ የምትጠሪውን ራይድ ገና አልደመርኩም። ልጆቹ ሳይነቁ ወጥተሽ ከተኙ በኋላ መግባትሽን ደግሞ በብር አላሰላውም።

ኮዬ ፈጬን ለማጣጣል አይደለም። ሥራሽ ቃሊቲ፣ አቃቂ ወይም ቂሊንጦ ቢሆን፣ ወይ ደግሞ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ቢሆን፣ ያለ ጥያቄ እሱን ያዢ እልሽ ነበር። ቤቱ ጥሩ ነው፤ ለሜክሲኮ ሠራተኛ ግን አልተሠራም።

የእኔን ሰዓት ዝም ብለሽ አትመኚ፤ ራስሽ ለኪው። ደላላ ቤት የሚያሳየው እሁድ ነው፣ ወይም በሥራ ቀን ረፋድ አራት ሰዓት ላይ። ያን ጊዜ መንገዱ ባዶ ነው። «አየሽ፣ 25 ደቂቃ!» ይልሻል። እውነቱን ነው፣ ለዚያ ሰዓት። አንቺ ግን ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ20 ላይ ከብሎኩ በር ተነሺ። ሰልፉን ተሰለፊ። መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ሰዓትሽን እዪ። ማታም 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወደዚያው ተመለሺ። የመልሱ ይብሳል። ሁለት ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው፣ ግን ሁለት ዓመት ያድንሻል። ባለፉት ሁለት ዓመታት በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ብዙ የታክሲ መነሻዎች ቦታ ቀይረዋል። የከተማ ዘመዶችሽ «ታክሲው እዚህ ጋ ነው» ያሉሽን ሄደሽ ሳታዪ አትመኚ።

ሰው የማይነግርሽ አንድ ነገር ልጨምር። ከተማ ዳር ላይ ያለ ቤት የሚመረጠው መነሻ ላይ ሲሆን ነው። ታክሲውም አውቶቡሱም ባዶውን የሚቆምበት ቦታ ማለቴ ነው። ተሰልፈሽም ቢሆን ተራሽ ይደርሳል፣ ወንበርም ታገኛለሽ። መሀል መስመር ላይ ያለ ሰፈር ለከተማ ቢቀርብም፣ ጠዋት ሁሉም ሞልቶ ያልፍሻል። በኪሎ ሜትር ቀርበሽ በሰዓት ትርቂያለሽ። ጀሞ መነሻ ነው። ወደ ሜክሲኮ ቀጥታ ታክሲ አለው፤ በመካኒሳና በሳር ቤት አድርጎ ይገባል። አያትም መነሻ ነው፣ ያውም የባቡር።

እዚህ ላይ አያትን ላንሳው። ቀላል ባቡሩ በ2008 ሥራ ሲጀምር የምሥራቅ ምዕራቡ መስመር ከአያት ተነስቶ በመገናኛ፣ በስታዲየምና በሜክሲኮ አልፎ ጦር ኃይሎች እንዲያበቃ ተደርጎ ነው። ለአንቺ መሥሪያ ቤት ልክ ነው ማለት ይቻላል። ትራፊክ አያውቀውም። ችግሩ የባቡር ቁጥር ነው። ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆመዋል። ስለዚህ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፣ ሲመጣም ጢም ብሎ። ጠዋት ከመነሻው ስለምትሳፈሪ ትቀመጫለሽ። ማታ ግን ሜክሲኮ መሀል ጣቢያ ነው። እዚያ ስትደርሺ በሩ ላይ የሰው ጀርባ ነው የሚቀበልሽ። አንዳንድ ብልጥ ሰው መጀመሪያ ወደ ጦር ኃይሎች ወደ ኋላ ሄዶ፣ ወንበር ይዞ ሲመለስ አይቻለሁ። ሳልስቅበት አልቀረሁም፣ በኋላ እኔም ሞከርኩት።

«አያት» የሚለው ስም ደግሞ ሰፊ ነው። ከጣቢያው በእግር አምስት ደቂቃ የሆነም አያት ነው፣ በባጃጅ ሩብ ሰዓት የሆነም አያት ነው። ጀሞም 1፣ 2፣ 3 እያለ ይሄዳል። ደላላ «ከአስፋልት አምስት ደቂቃ» ሲልሽ በሦስት አባዢው። ከዚያ ልጅ አዝለሽ፣ በሐምሌ ጭቃ መሆኑን አስቢ።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደምለው ልምጣ። ገና ቤት ሳትመርጪ ለቀጠረሽ ባንክ የሰው ኃይል ክፍል ደውዪ። «ሰርቪስ አላችሁ? በየት በየት ያልፋል?» በዪ። (ሰርቪስ ስል የሠራተኛ አውቶቡስ ነው። ደላላ ፊት ይህን ቃል ካነሳሽ ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ይዞልሽ ይመጣል።) ሰርቪስ ካለ ምርጫሽ ሁሉ ይለወጣል። መጀመሪያ የሚያነሳው የት እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ማታ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠይቂ። ከሰርቪሱ ማንሻ በእግር የሚደረስ የ17,000 ብር ቤት፣ ሰርቪስ ከማያልፍበት የ22,000 ብር ቤት ይበልጣል። አንድ ነገር ግን አትርሺ። አንቺ ሂሳብ ክፍል ነሽ። ወር ሲዘጋ፣ ይልቁንም ሰኔ ላይ የበጀት ዓመት ሲዘጋ፣ ታመሻለሽ። ሰርቪሱ አይጠብቅሽም። በእነዚያ ማታዎች ብቻሽን የምትመለሺበት ሁለተኛ መንገድ መኖር አለበት። ኮዬ ፈጬ እዚህም ላይ ይወድቃል።

መንገዱ ካለቀ ቀጥሎ ውሃ ነው። ሀዋሳም ውሃ ይጠፋል ትዪኝ ይሆናል። ኮንዶሚኒየም ላይ ግን ፎቁ ራሱ ሌላ ፈረቃ ነው። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል ሲባል የሚመጣው ለምድር ቤቱ ነው። ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ግፊቱ አልደርስ ብሎ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠብ ጠብ ሊል ይችላል። ያየሽው የአያቱ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው። የረከሰው በዚህም ይሆናል።

ደላላውን አትጠይቂው። አከራዩንም አትጠይቂ። የብሎኩን ጥበቃ ጠይቂ፣ ደረጃ ላይ ያገኘሻትን ሴትዮ ጠይቂ። «በየስንት ቀኑ ይመጣል?» ብቻ አይበቃም። «በስንት ሰዓት? ለስንት ሰዓት? እዚህ ፎቅ ድረስ ይወጣል?» በዪ። ከዚያ ቀና ብለሽ በረንዳዎቹን እዪ። ቢጫ ጀሪካን የተደረደረበት ብሎክ ሳይጠየቅ መልሱን ነግሮሻል። ሽንት ቤቱ ውስጥ የቆመ ትልቅ በርሜል ካለ እሱም መልስ ነው።

እናንተ እንግዲህ ልጆቹን ከምትይዝልሽ ሠራተኛ ጋር አራት ናችሁ። ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብንል 200 ሊትር ነው። አንድ በርሜል ለአንድ ቀን ማለት ነው። ውሃ በየአራት ቀኑ ከሆነ አራት በርሜል ያስፈልግሻል። የት ታስቀምጪዋለሽ? ባለ ሁለት መኝታው ድንገት ባለ አንድ መኝታ ይሆናል። በረንዳ ላይ የ1,000 ሊትር ሮቶ ላስቀምጥ ካልሽ ደግሞ አንድ ቶን እየሰቀልሽ ነው፤ በፍጹም አታድርጊው። ብሎኩ ከታች የጋራ ሮቶና ፓምፕ ካለው ግን ትልቅ ነገር ነው። ፓምፑን ማን እንደሚያስጠግን፣ በወር ስንት እንደሚዋጣ የነዋሪ ማኅበሩን ጠይቂ። የ20/80 ብሎኮች አብዛኞቹ ሊፍት የላቸውም። ልጅ በአንድ እጅ፣ ጀሪካን በሌላው ይዘሽ አራተኛ ፎቅ መውጣትን አንድ ጊዜ ሞክሪና ፍረጂ።

ከምትገቢበት ወር የተነሳ አንድ ዕድል አለሽ። ክረምት ነው። ዝናብ ባቆመ ማግስት ቤቱን እዪ። የላይኛው ፎቅ ከሆነ የጣሪያውን ጥግ፣ ምድር ቤት ከሆነ የግድግዳውን ሥርና የፍሳሽ ጉድጓዱን። አዲስ ቀለም አንድ ጥግ ላይ ብቻ ከተቀባ እዚያ ጋ እርጥበት ነበር ማለት ነው። ቆጣሪውንም እዪ። የራሱ ካርድ ቆጣሪ አለው ወይስ ከሌላ ጋር የጋራ ነው? የጋራ ከሆነ እንጀራ በጋገርሽ ቁጥር ጭቅጭቅ ነው።

ትምህርት ቤትን በተመለከተ አጭር ነኝ። ለልጅ የሚመረጠው ከቤት የሚቀርብ ነው፣ ከአንቺ ሥራ የሚቀርብ አይደለም። የሰባት ዓመት ልጅ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ እንድትቆም አትፈልጊም። የግሎቹ ቦታ ቶሎ ስለሚያልቅ ሰፈሩን እንደወሰንሽ ወዲያው ወንበር ያዢ። ከሀዋሳ ስትወጪ የልጅቷን መልቀቂያና ውጤት፣ ከቀበሌሽም መሸኛ ይዘሽ ነይ። መሸኛ ረስቶ የመጣ ሰው ተመልሶ 275 ኪሎ ሜትር ይነዳል። አከራዩን ደግሞ «በቤትህ አድራሻ መታወቂያ ላወጣ እችላለሁ?» ብለሽ ቀብድ ሳትሰጪ ጠይቂ። አይሆንም የሚሉ አሉ።

ስለ ውሉ። ከ2016 ጀምሮ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 አለ። በዚህ አዋጅ ውሉ በጽሑፍ መሆንና መመዝገብ አለበት። ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም። አከራዩ ቅድሚያ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ሊጠይቅሽ አይችልም። ጭማሪ እንደፈለገ አያደርግም፤ ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንዴ በሚወስነው ልክ ነው። ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል። «የስድስት ወር በካሽ፣ ውል ደግሞ እኛው በእጃችን» የሚልሽ አከራይ ካለ ሕጉን ጠቅሰሽ አትሟገቺው። ሌላ ቤት ፈልጊ። ፊት ለፊት ሕግ የጣሰ ሰው ነገ ቧንቧ ሲፈነዳም እንዲሁ ነው። ውሉን ወረዳው ቤቶች ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ አስመዝግቡ። ቀድመሽ ለመውጣት ብትፈልጊ ስንት ጊዜ አስቀድመሽ ማሳወቅ እንዳለብሽም አንብቢ።

ከከተማው ጫፍ ላይ ሌላ ቤት ካሳዩሽ፣ ለምሳሌ ለገጣፎ፣ ቡራዩ ወይም ሰበታ፣ እነዚህ በኦሮሚያ ክልል ሥር ያለው የሸገር ከተማ ናቸው። መታወቂያሽም፣ ወረዳሽም፣ የልጅሽ የትምህርት ጉዳይም በዚያ አስተዳደር ነው የሚሄደው። አዋጁም ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የሚሠራው ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ነው። ማጣራት እንጂ መፍራት አያስፈልግም።

አሁን አንድ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ወጣት ቤተሰብ ሰሚት ቤት አገኘሁ። ባለቤት ነኝ ያለው ሰው ቁልፉን ይዟል፣ ቤቱን ያውቀዋል፣ ጎረቤት ሰላም ይለዋል። ሰነዱን ሳላይ አሳለፍኩት። ዕቃ የጫነው መኪና ሲደርስ ሌላ መኪናም እያራገፈ ነበር። ሰውየው ባለቤት ሳይሆን ኪራዩ ያለቀበት ተከራይ ኖሯል፤ ከሁለት ሰው ተቀብሎ ሄዷል። ገንዘቡን ከኪሴ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ የኮንዶሚኒየሙን የሽያጭ ውል ወይም ካርታ ሳላይ፣ ስሙን ከፋይዳ መታወቂያው ጋር ሳላስተያይ ቀብድ አላስከፍልም። ወኪል ከሆነ ከሰነዶች ማረጋገጫ የወጣ ውክልና ይኑረው፣ ማከራየትና ገንዘብ መቀበል የሚል ቃልም ይኑርበት። ገንዘቡን በባለቤቱ ስም ወዳለ ሒሳብ ላኪ። ስትልኪ የሚመጣው ስም ሰነዱ ላይ ካለው ከተለየ እዚያው አቁሚ። የባንክ ሰው ነሽ፣ ይህን ለአንቺ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው።

ታዲያ የትኛው? እውነቱን ልንገርሽ፣ ሐምሌ 1 ከሦስቱ አንዱንም አትያዢ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። ከሁለት ወር ትንሽ ይበልጣል። ልጆቹ ክረምቱን ሀዋሳ ከአባታቸው ጋር ይሁኑ። አንቺ ዘመድ ካለሽ ዘመድ ጋ፣ ከሌለሽ ደሞ አንዲት ክፍል ይዘሽ ጀምሪ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰርቪሱንም፣ አለቃሽ የሚያመሽ ሰው መሆኑንም፣ የሥራ ባልደረቦችሽ የት እንደሚኖሩም ታውቂያለሽ። አጠገብሽ የምትቀመጠው ልጅ ብሎኳ ላይ የሚለቀቅ ቤት እንዳለ ትነግርሻለች፤ ደላላም አትከፍዪም። ልጅቷ መስከረም ላይ ትምህርት ስለምትጀምር ነሐሴ አጋማሽ ላይ መወሰን ይኖርብሻል። የሙከራ ጊዜው በጥቂት ሳምንት ያልፈዋል፣ እሱን ታገሺው።

ነሐሴ ላይ ሰርቪሱ በአያት መስመር የሚያልፍ ከሆነ አያትን ያዢ፣ ግን ያንን አራተኛ ፎቅ አይደለም። ሁለተኛ ፎቅ ፈልጊ፣ አንድ ሁለት ሺህ ብር ቢጨምርም። ሰርቪስ ከሌለ ጀሞ 1። ሆኖም 22,000 ከ46,000 ላይ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም፣ ባለቤትሽ ደግሞ ሀዋሳ ሌላ ቤት ይዟል። እዚያው ጀሞ ባለ አንድ መኝታ ጠይቂ። ለአንቺና ለሁለት ትንንሽ ልጆች ይበቃል፤ ሠራተኛዋ ሳሎን ትተኛለች፣ ሶፋው አልጋ የሚሆን ከሆነ። ባለቤትሽ ሲዛወር ያን ጊዜ ትሰፋላችሁ።

ዕቃ ስትጭኚ ደግሞ አንድ ነገር። ቁም ሳጥኑን ሀዋሳ እያለሽ አስፈቺው፣ የኮንዶሚኒየም ደረጃ መታጠፊያው ጠባብ ነው። አይሱዙው ከመድረሱ ቀን በፊት የሰፈሩን ጫኝና አውራጅ ልጆች ጥበቃው እንዲያገናኝሽ አድርጊ፣ በፎቅ ስንት እንደሚያስከፍሉ ተነጋገሪ፣ ዋጋውን ቁረጪ። መኪናው ብሎኩ ሥር ከቆመ በኋላ ዋጋውን የሚቆርጡት እነሱ ናቸው።